የሦስተኛው ክፍል ድምፅ

በሦስተኛው ክፍል ያሉት የሙከራ አይጦች ግልገሎቻቸውን መብላት ከጀመሩ ሁለት ወር ሆናቸው።

ወጣቱ ተመራማሪ ምግቡን ለወጠ፤ ውሃውን አስመረመረ፤ መብራቱን ቀነሰ። ምንም ለውጥ የለም። ራሱን ስለማያምን በየሰዓቱ እየገባ ግልገሎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ሲወጣ በሩን ይቆልፋል፤ ተመልሶም መቆለፉን ያረጋግጣል። አሥራ አንድ ቁልፎቹ ከወገቡ አይለዩም።

የቀረው ጥርጣሬ ድምፅ ነበር። ድምፅ አይጥን እንደሚያስጨንቅ፣ የተጨነቀች እናትም ልጇን እንደምትበላ አንብቧል። በክፍሉ ውስጥ ደግሞ ድምፅ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አይጦቹን የሚንከባከቡት ሽማግሌ የሚከፍቱት ሬዲዮ።

"ጋሼ፣ ይዝጉት ብዬዎት ነበር።"

"በሹክሹክታ እኮ ነው የሚያወራው! ለምደውታል።"

"ትናንት ሰባት ግልገል ተበላ።"

"አንተ ታመህ በተኛህበት ሳምንት ቀን ሙሉ ከፍቼው አንድም አልተበላ።"

"ያን ሳምንት ማን መዘገበ?"

ሽማግሌው ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። "እኔ መቼ እስክሪብቶ ይዤ አውቃለሁ፣ ልጄ? መዝገቤ ዓይኔ ነው።"

ወጣቱ ንዴቱን ዋጠ። ዓይን መዝገብ አይሆንም።

ስለ ሬዲዮው ለኃላፊው የሚሰጠውን ደብዳቤ ሦስት ቀን እየጻፈ ቀደደ። ሽማግሌው ጡረታ ለመውጣት የቀራቸው አምስት ወር ነው፤ ዛሬ ከተባረሩ ጡረታውም ይቀርባቸዋል። በአራተኛው ቀን ስምንት ግልገል ተበላ። ደብዳቤውን አስገባ።

ሽማግሌው ሰኞ ጠዋት ሬዲዮአቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

"አደራ፣ ቀስ ብለህ ግባ" አሉት በሩ ላይ። "ገና ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ ስትል ጥጋቸውን ይይዛሉ። እኔን ንቀው አንተን እንደ አለቃ ነው የሚፈሩህ!"

ወጣቱ አልሳቀም።

ሐሙስ ዘጠኝ ግልገል ተበላ።

ምናልባት ከጎረቤት ክፍል የሚመጣ ነገር ይኖር ይሆናል ብሎ፣ አይጥ የምትሰማውን የሰው ጆሮ ግን የማይይዘውን ቀጭን ድምፅ የሚለካ መሣሪያ ተዋሰ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በርጩማ ስቦ፣ እጁን እንኳ ሳያንቀሳቅስ አሥር ደቂቃ ቁጭ አለ።

ዜሮ። ከጎረቤትም የለም፤ ከየትም የለም። እናቶቹ ግልገሎቻቸውን አቅፈው ተኝተዋል።

በረጅሙ ተነፈሰና መዝገቡን ሊያመጣ ተነሣ።

ቁልፎቹ ወገቡ ላይ ቅጭል አሉ፤ የመሣሪያው ቁጥር ጣራ ነካ፤ እናቶቹም ጥጋቸውን ያዙ።