የአባት እባጭ

ይቺ ታሪክ ውሸት ከሆነች ምላሴን ይቁረጠው! የአንድ ሰውዬ አባት ፊታቸውን የሞላው እባጭ ሕመም የለውም፤ በዘር የሚወርድ ነው። የሰውየው ታላቅ ወንድም ይርሳው ወርሶታል። ሰውየው ግን ፊቱ እንደ እንቁላል ልሙጥ ስለሆነ፣ መንደሩ «ይሄስ የማን ይሆን?» እያለ አሳደገው። የወንድሙን እባጭ ባየ ቁጥር ቅናት አንጀቱን ይልጠው ነበር።

አባትየው ሲሞቱ ከሩቅ የመጣው ለቀስተኛ ይርሳውን «አባቱን ቁርጥ!» እያለ ሲያቅፍ፣ ሰውየውን እንደ ጎረቤት አለፈው። እርር ብሎ ተቀመጠ።

በወጉ መሠረት ለሐዘን የሰውየውን ጎፈሬ ይርሳው ይላጨው ጀመር። ምላጩ አናቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንተ ሌባ! የአባዬን እባጭ እዚህ ደብቀህ ነው?»

ሰውየው አናቱን በእጁ ዳሰሰው። ምስር የሚያካክሉ እባጮች ተደርድረዋል። ለቀስተኛው እያየው እልል አለ።

እልልታዋን እንኳ የጨመርኳት እኔ ነኝ። ሰውየውስ «አባዬ!» ብሎ ነው የጮኸው።