ግማሽ ሹሩባ

ርዕሰ መምህሩ መስከረም ላይ ጠርቶኝ፣ «ልጅዎ ሶልያና ትኩረት የላትም፤ ስትቁነጠነጥ ክፍሉን ትረብሻለች። ወይ ትኩረት በሚያዛውረው ማሽናችን ከእርስዎ ወይም ከአባቷ ቀንሰን እንጨምርላት፣ ወይ ሌላ ትምህርት ቤት ይፈልጉላት» አለኝ። አባቷ «እኔ ሥራ አለኝ» ብሎ ሸሸ። ጭንቅላቴን ማሽኑ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

አሁን ሶልያና አርፋ ትማራለች። እኔ ግን ወጥ ጥጄ እረሳለሁ፤ ፀጉሯን እየሠራኋት ግማሽ ላይ ትቻት እነሳለሁ።

ዛሬ ያው ርዕሰ መምህር አስጠራኝ። ልጄን አጠገቡ አቁሟታል። የፀጉሯ ግራው ጎን ሹሩባ፣ ቀኙ ጨብራራ ነው። ልጆቹ ስቀውባት ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ይቺ ልጅ እናት የላትም እንዴ?» ብሎ አፈጠጠብኝ።

«ነበረቻት» አልኩት። «ልጄ አርፋ እንድትቀመጥላችሁ ብላችሁ የወሰዳችሁት እኮ እናቷን ነው።»