የጠዋቱ ድርሻ

ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ለአንጀት ምርመራ የሚጠጣውን ማጽጃ ልጨርስ ወጥ ቤት ገባሁ። ግማሹን ማታ ጠጥቼ፣ የቀረውን በጆግ አስቀምጫለሁ። ባለቤቴ አምና በጥብጬ ስሰጠው፣ «ይህን ከምጠጣ ሞቴን እመርጣለሁ» ብሎ እየሳቀ ደፋው። ዕጢው ሲገኝ ጊዜው አልፎ ነበር። ከቀበርነው ወዲህ እኔም ደም ማየት ጀመርኩ።

ጆጉ ባዶ ነው።

«ጎበዝ፣ እማዬ። ጨረስሽው?» አለች ልትወስደኝ የመጣችው ልጄ።

«አልነካሁትም።»

«ታዲያ ግድግዳው ጠጣው?»

የባለቤቴ ብርጭቆ ታጥቦ፣ እንደ ልማዱ በአፉ ተገልብጦ ያንጠባጥባል። የሽንት ቤቱ በር ከውስጥ ተቆልፏል። ልጄ አንኳኳች።

«ጠጥቼዋለሁ፤ ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ» አለ የአባቷ ድምፅ።

መኝታ ቤት ገብቼ አልጋው ሥር አየሁ። ካረፈ ጀምሮ ያላነሳሁት ነጠላ ጫማው የለም።