ለወፍራም ሰው የሚሆን ቢስክሌት

በደርግ ጊዜ ነው። ከበበው በጅማ መንገድ፣ ከለቡ ወዲያ በነበረ አንድ ኬላ ፈታሽ ነበር። ከቀትር በኋላ ተረኛ ሆኖ የጭነት መኪና ጆንያ በብረት እየወጋ፣ የመንገደኛ ኮሮጆ እያስፈታ፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ ከተማ የሚሾልክ ቡና ሲያድን ያመሻል። የሚኮራው ግን በሥራው ሳይሆን በቢስክሌት እውቀቱ ነው። በጉብዝናው ዘመን የተወዳደረባትን የጣሊያን ኮርሳ ዛሬም አልጋው አጠገብ ያቆማታል። ሚስት ያላገባው ቤቱ ለሁለት አይበቃም ብሎ ነው እያሉ ያሙታል።

አንድ እሑድ ነፋስ ስልክ፣ በለታ የቢስክሌት መሸጫና መጠገኛ ቤት ተቀምጦ ሳለ ልብስ ሰፊው መኩሪያ በሩን ሞልቶ ገባ። መኩሪያ መቶ ሃያ ሁለት ኪሎ ነው።

"ሐኪም ተንቀሳቀስ ብሎኛል። በየቀኑ ዓለም ገና ደርሼ ልመለስ አስቤአለሁ። እኔን የሚችል ቢስክሌት ይገኛል?"

"ጋሼ መኩሪያ፣ እርስዎን የሚችለው ባቡር ነው" አለ ለታ።

ከበበው ግን ብድግ አለ። እንዲህ ያለ ቀን ስንት ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል! ጎማቸው የቀጠነ ቢስክሌቶችን ሁሉ ወደ ጎን ገፈተራቸው።

"ወፍራም ሰው ቀለም አይመርጥም። ጎማው ሰፊ፣ ሽቦው ጥቅጥቅ ያለ፣ ኮርቻው ባለ ሞላ ይሁን። ዳገት ላይ ሰውን የሚያዋርደው ክብደቱ ሳይሆን የማይሆን ቢስክሌት ነው።" ከጥግ አንድ ባለ ድርብ ብረት የቻይና ቢስክሌት ጎትቶ አወጣ።

መኩሪያ ኮርቻውን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። "ስንት ኪሎ ይችላል?"

"እርስዎን ይችላል።"

"ከእኔ በላይስ? ሰው ነኝ፣ ብጨምርስ?"

"ይቀንሳሉ እንጂ አይጨምሩም" አለ ከበበው።

ለታ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከበበውን አንገበገበው። "ክረምት ሳይገባ ጋሼ ሃያ ኪሎ ካልቀነሱ ኮርሳዬን ውሰዳት። ከቀነሱ ግን ዕድሜ ልክህን በነጻ ትጠግንልኛለህ" አለው። ወዲያው ቆጨው፤ ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

መኩሪያ ሰው ሳይነሳ በማለዳ ይወጣል፣ ከበበው ተረኛ በሆነበት ሰዓት ይመለሳል። ራሱ የሰፋውን ወፍራም ካፖርት በዚያ ፀሐይ እንኳ አያወልቅም። "ላብ ያስወጣል" ይላል። ከኬላው በላይ ያለው ዳገት ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ያኔ ከበበው የተሰለፉትን መኪናዎች ትቶ ይሮጥና ከኋላ ይገፋዋል። ጓደኞቹ በሳቅ ይሞታሉ። እሱ ምን ቸገረው፣ የሚገፋው ኮርሳውን ነው።

ችግሩ ሰውዬው አለመቅለሉ ነው። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ያው ክብደት፤ እንዲያውም ብሶበታል። ከበበው እንቅልፍ አጣ። ዓለም ገና የወይዘሮ በቀለች ክትፎ ቤት እንዳለ ሲሰማ ነገሩ ሁሉ ተገለጠለት።

"ጋሼ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ክትፎውን ይተዉት" አለው አንድ ቀን እየገፋ።

"ጓድ ከበበው፣ የፈለግከው ታቦት ፊት እምላለሁ፣ ቁርስ እንኳ አልበላም።"

ማን ያምነዋል? ለታም ነገሩን አባባሰው። "የጎማው ሽቦ ሲሄድ አይበጠስም፣ ሲመለስ ብቻ ነው። ክትፎው ሲጨመርበት" አለ፣ ኮርሳዋን የሚያቆምበትን ቦታ እየጠረገ። ከበበው አንድ ተስፋ ብቻ ቀረው። የመኩሪያ ጀርባ ሲገፉት እየጠነከረ መጥቷል። ስቡ ወደ ጡንቻ መለወጥ ጀምሯል ማለት ነው ብሎ ተጽናና።

ሰኔ ሲያልቅ ወፍጮ ቤቱ ሚዛን ላይ እንዲመዘን ተስማሙ። መኩሪያ "በጠዋት፣ በባዶ ሆዴ ካልሆነ አልወጣም" አለ። ለታ በዓይኑ ጠቀሰ፤ ሆድ ባዶ ቢሆን ስንት ኪሎ ሊያጎድል ነው?

ከበበው ኮርሳዋን አጥቦ፣ ካቴናዋን ዘይት ቀብቶ፣ ሙሽራ እንደሚሸኝ አባት እየጎተተ አመጣት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሰፈሩ ተሰብስቧል። መኩሪያ ካፖርቱን አወለቀና የዱቄት ጆንያ ላይ በጥንቃቄ አኑሮ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሸሚዙ ትከሻው ላይ እንደ ድንኳን ተንጠልጥሏል።

"ዘጠና ስምንት!" አለ ባለወፍጮው።

ወፍጮ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከበበው ኮርሳዋን አቅፎ ሳማት፣ ከዚያም ባለወፍጮውን፣ ከዚያም ለታን። ለታ ግን ዓይኑን ከሚዛኑ አልነቀለም።

"ታዲያ ትናንት ማታ ሦስት ሽቦ የበጠሰብኝ ማን ነው?" አለ።

የሰማው የለም። ከበበው የመኩሪያን ካፖርት ከጆንያው ላይ አንስቶ ደረበና መሀል ገባ። ሰው ያጨበጭብለታል። "ጓድ፣ ካፖርቴን" እያለ መኩሪያ ከሚዛኑ ላይ እጁን ይዘረጋል።

ከበበው ትከሻውን በሰበቀ ቁጥር ከካፖርቱ ገበር ጥሬ ቡና እየሾለከ እግሩ ሥር ይንጠባጠብ ጀመር።