ጎሹ ያስነቀላት ሁክ

ብዋሽ ዕድሜዬን አያስጨርሰኝ፣ የምነግራችሁ ሁሉ ከነነጠብጣቡ እውነት ነው።

የዲላው ቡና ነጋዴ ጎሹ ቂሙን እንደ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ያቆያል፤ በቆየ ቁጥር ይኮመጥጥለታል። የሚበቀልበት መሣሪያም ነበረው፤ የድርጅቱ ድረ ገጽ። ስለ ቡናው የምትጽፈው ገጹን የሠራችለት ኤልቤቴል ናት። ስድቡን የሚጽፈው ራሱ ጎሹ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የይርጋጨፌው ነጋዴ ዘነበ ላይ ነበር። «ዘነበ ቡናው ውስጥ ጠጠር ይቀላቅላል፤ ሚዛኑም እንደ ባለቤቱ አንካሳ ነው» ብሎ ያወጣና በስልኩ ከፍቶ እያነበበ በሳቅ ይፈርሳል።

በማግስቱ ዘነበ መንገድ ላይ ሲያገኘው አቅፎ ይስመዋል።

«አያችሁት? አንጀቱ እያረረ ይስመኛል። ፈርቶኝ ነው!»

የዘነበ ልጅ እስክንድር ብሌንን ሊያገባ ሽማግሌ እንደሚልክ ሲሰማም «እጁን ሰጠ» ብሎ ፈቀደ። ብሌን የጎሹ አንድ ልጁ ናት፤ ከእስክንድር ጋር ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ይዋደዳሉ። አባቷ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሽማግሌዎቹን ትጠብቃለች።

በዚህ መሐል ኤልቤቴል የዘነበ ጎረቤት ሆና እንዳደገች አንድ ወሬኛ ለጎሹ ነገረው። በዚያው ቀን አባረራት። «ሰላይ!» ብሎ የጮኸው ጩኸት የጪጩን ገበያ በተነ።

በምትኳ ፊሊጶስ የሚባል ልጅ እግር ባለሙያ ቀጠረ። እሱም የገጹን ውስጥ ሲፈትሽ ቆይቶ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ሁክ ተሰቅሎበታል።»

«ምን?»

«ሁክ። ገጹ ሥራውን ሲሠራ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ እንደ ሚስማር ያለ ነገር አለ። ባለሙያ እዚያ ላይ ትእዛዝ ያንጠለጥላል፤ ግድግዳው ሳይነካ ሥራው ይለወጣል። አንደኛዋ የእርስዎ ስም አለባት። እርስዎ የጻፉት ሲወጣ ሥራዋን ትጀምራለች።»

«ለዘነበ እያቀበለችው ነዋ!»

«ምን እንደምትሠራ መጀመሪያ ላንብባትና...»

«እባብ ሲገኝ ጥርሱ ይቆጠራል እንዴ? ንቀል!»

ወሬው ኤልቤቴል ጆሮ ደረሰ። ደወለች።

«ጋሼ ጎሹ፣ ሌላውን ሁሉ ያስነቅሉ። ያቺን ስምዎ ያለባትን ብቻ፣ እባክዎ፣ ሽማግሌዎቹ እስኪመለሱ ይተዉልኝ።»

«ልጄን በሽማግሌ ፊት ልታዋርጂ!»

«ለብሌን ብዬ እኮ ነው።»

«ስሟን በአፍሽ አትጥሪ!»

ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ከፊሊጶስ ጀርባ ቆሞ የሰቀለችውን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ አስነቀለ። ያን ምሽት እንደ ሙሽራ ሚዜ እየዘፈነ ገባ።

በነጋታው ሽማግሌዎቹ መጡ። ወንበር ተደርድሯል፣ በግ ታርዷል። የሽማግሌዎቹ አውራ አቶ ከፍያለው ግን ከበሩ አላለፉም።

«መኪና ውስጥ ‹የዘመዳችንን ድረ ገጽ እስቲ እንየው› ብለን ከፈትነው» አሉ ስልካቸውን ዘርግተው። «ጎሹ፣ ይህ አንካሳ ሚዛን የምትለው የማንን ነው?»

«እሱማ የድሮ ነው! ዘነበ ራሱ እያነበበ ሲስመኝ አልነበር?»

«ዘነበ ያነበበው ዛሬ ጠዋት ነው። አገሩም እንደዚያው።»

አዙረው ሄዱ። ብሌን የለበሰችውን አዲስ ቀሚስ እንደጨበጠች በሩ ላይ ቀረች።

«አባዬ፣ ምን አድርገህ ነው?»

ፊሊጶስ የነቀላትን ትእዛዝ ያኔ ፈልጎ አነበባት፤ «ጎሹ የጻፈውን ከራሱ ከጎሹ በቀር ማንም አይየው» ትላለች።

የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጪጩ ገበያ በጎሹ ጩኸት አልተበተነም። የተበተነው ሽማግሌዎቹ በተመለሱበት ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ የሚያነብበት ጥላ ፍለጋ ሄዶ።