የካሴቱ ቀዳዳ

የሶማሌ ተራው ባለ ሙዚቃ ቤት ከጠዋት ጀምሮ ጋዜጣ እያኘከ የካሴት ቀዳዳ ሲደፍን ዋለ። ጀርባው ላይ ያለው ቀዳዳ ካልተደፈነ፣ በታተመ ካሴት ላይ ሌላ ዘፈን አይቀዳበትም። ያው የሚያኝከው ጋዜጣ የአንድ ታዋቂ ባንድን አዲስ ካሴት «አሁን ገና በሰሉ» ብሎ አሞካሽቶታል፤ ገዢው ግን እየመለሰ፣ «ጓድ፣ ይኼን ለቅሶ አጥፋና የድሮውን ጭፈራ ቅዳበት!» ይለዋል። ባለ ሱቁም በገዢዎቹ አልፈረደም። ያ የድሮው የባንዱ ዘፈን ሲከፈት ኩንታል የተሸከመ ኩሊ እንኳ ከሱቁ ደጃፍ እስክስ ሳይል አያልፍም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባርኔጣውን ዝቅ ያደረገ ሰው ያንኑ ካሴት ዘረጋለት። «የድሮውን ቅዳበት» አለው። ባለ ሱቁ ድምፁን ሲሰማ ማኘኩን አቆመ። የባንዱ ዘፋኝ ራሱ ነበር።

«ጋሼ፣ የእርስዎ አይደለም እንዴ? በስለዋል ተብሎ ተጽፎልዎት የለም?»

«በስለናል፣ አልዋሸም» አለ ዘፋኙ፣ የሻከረ ጣቱን በካሴቱ ላይ እያሻሸ። «የድሮውን የዘፈኑት እነዚያ ልጆች ግን እኛንም ናፈቁን።»

ባለ ሱቁ የጋዜጣውን ቁራጭ ተፋ። ከመደርደሪያው ባዶ ካሴት አውርዶ የድሮውን ዘፈን በሱ ላይ ቀዳለት። አዲሱን፣ ቀዳዳው ሳይደፈን፣ መልሶ እጁ ላይ አኖረለት።

«ይኼኛውም አንድ ቀን ይናፍቅዎታል፣ ጋሼ።»