ያለ ስፕሪንግ

ሙላው የወፍጮውን ሞተር ሲያስነሳ አባቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ የተሰበረውን የሚተካ የቫልቭ ስፕሪንግ ወደ እስቴ አይገባም። ስለዚህ በስፕሪንጉ ፋንታ ቫልቩን መልሶ የሚዘጋ የብረት ክንድ ሠራ። ለብረቱና ለብየዳው አባቱ ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ሸጠውለታል።

ሞተሩ ተነሣ። «በሬ ሽጬ ጩኸት ገዛሁ» አሉ አባቱ እየሳቁ።

ብረቱ እየጋለ ሲሄድ ግን አበጠ። ሙላው ለዚያ ክፍተት አልተወለትም ነበር። ክንዱ ተሰበረ፤ ቫልቩ ወድቆ ፒስተኑን በሳው።

«አባዬ፣ ሌላ እሠራለሁ» አለ።

«በምን?» አሉና ወጡ። ፈልጠው ሊማግዱት ቀንበሩን ከግድግዳው አወረዱ። የቀረው በሬ ቀንበሩን ሲያይ መጣና፣ ለባልንጀራው ቦታ ትቶ፣ እንደ ልማዱ በግራ በኩል ቆመ።